ስንት ያወጣል? ከይፋት ገበያ እስከ ኳስ ሜዳ

ከጣርማ በር ዋሻ ወጥቶ ቁልቁል የሚወርድ መንገደኛ ደብረ ሲና ሳይደርስ ጃኬቱን ማውለቅ ይጀምራል። አርማንያን አልፎ ሸዋ ሮቢት ሲገባ ሸሚዙም ይከብደዋል። የይፋት ቆላ ሙቀት ከቀትር በኋላ ሰውን ሁሉ ወደ ጥላ ይሰበስባል። ጥላ ባለበት ሰው፣ ሰው ባለበት ወሬ፣ ወሬ ባለበት ደግሞ ኳስ አይጠፋም።

አንድ ቅዳሜ ከሰዓት የደሴ መንገድ ዳር ያለች ሻይ ቤት ተቀምጬ ነበር። ደጅ ላይ ሽንኩርት የጫነ አይሱዙ ቆሟል፤ ሾፌሩ ምሳውን እየበላ ነው። ውስጥ ቴሌቪዥኑ የአገር ውስጥ ሊግ ጨዋታ ያሳያል፤ ድምፁ ግን ተቀንሷል። ተንታኞቹ እዚሁ በርጩማ ላይ ስላሉ የስቱዲዮዎቹ አላስፈለጉም። አንድ የባጃጅ ሾፌር በአንድ የመስመር ተጫዋች ላይ ተነስቶበታል።

«ይሄን ልጅ በዚያ ሁሉ ብር ማስፈረም ገንዘብ መበተን ነው!»

«በስንት አስፈረሙት?» አለው አጠገቡ የተቀመጠው ሰው። ይህ ሰው የሽንኩርት ደላላ ነው፤ ደጅ የቆመው ጭነትም የእሱ ነው።

«ብዙ ነዋ! ሚሊዮን ነው የሚሉት።»

«ማነው የሚለው?»

«ሰው።»

«እንዴ አቦ! ዋጋውን ሳታውቅ ተወደደ ትላለህ? እኔ እንዲህ ብሸምት እኮ ይሄኔ ቤቴ በተዘጋ።»

ቤቱ በሳቅ ተሞላ፤ ጨዋታውም ወደ ሌላ ዞረ። ጥያቄው ግን ከሳቁ ጋር አልሄደልኝም። ስለ ተጫዋች ዋጋ፣ ስለ ዝውውር፣ አሰልጣኝ ስለ ማባረር እንደ እኛ የሚከራከር ሕዝብ ጥቂት ነው። የምንከራከርበትን ዋጋ ግን አናውቀውም። እንዲህ የሆነው ከመቼ ወዲህ ነው? ከዚያ በፊትስ ስለ ምን ነበር የምንከራከረው?

ዋጋ መጥራት ለይፋት እንግዳ ነገር አይደለም። ከ13ኛው መቶ ዘመን መገባደጃ ጀምሮ በወላስማ ሥርወ መንግሥት እጅ የነበረው የይፋት ሱልጣኔት የቆመው በንግድ መንገድ ላይ ነው፤ ከዘይላ ወደብ የተነሳ ቅፍለት ወደ ደጋው የሚወጣው በዚህ በኩል ነበር። በፈረንጆች 1332 አፄ ዓምደ ጽዮንና የይፋቱ ሰብረዲን ሲዋጉ፣ የሃይማኖቱ ነገር እንዳለ ሆኖ፣ መንገዱና ቀረጡም ውስጡ ነበሩ። ከሸዋ ሮቢት ብዙ ሳይርቁ በየተራራው አናት የሚታዩት የኖራና የአስበሪ የድንጋይ ፍርስራሾች የዚያ ዘመን ከተሞች ቅሪት ናቸው። ዛሬ ከሥራቸው ፍየል የሚጠብቅ ልጅ የአርሰናል ማልያ ለብሶ ብታገኙት አይግረማችሁ።

በ19ኛው መቶ ዘመን ተራው የአልዩ አምባ ሆነ። ከአንኮበር ግርጌ ያለችው ይህች የገበያ መንደር ከታጁራ ተነስቶ የአፋርን በረሃ ያቋረጠውን ነጋዴ ትቀበል ነበር። በፈረንጆች 1841 ወደ ንጉሥ ሣህለ ሥላሴ የተላከው የእንግሊዙ ሃሪስ ሸዋ የገባው በዚሁ በኩል ነው። አሞሌው፣ ቡናው፣ ጨርቁ፣ የማርያ ቴሬዛው ብር የሚለዋወጠው እዚያ ነበር። ከአልዩ አምባ አጠገብ ግን አብዱል ረሱል የሚባል ሌላ ገበያ ነበር። እዚያ የሚሸጠው ሰው ነው። ገዢው ጥርስ ያያል፣ ክንድ ይጨብጣል፣ ዕድሜ ይገምታል፤ ከዚያ ዋጋ ይጠራል።

በኳስ ወሬ መሀል ይህን ማንሳቴ የሚከብዳቸው ይኖራሉ። ግን ስለ ተጫዋች ግዢና ሽያጭ ታሪክ የሚጽፍ ሰው ይህን ገበያ ዘሎ ማለፍ የለበትም ባይ ነኝ፤ ነገሩን ከእኔ በፊት አንድ ተጫዋች ራሱ አንስቶታልና።

ከርት ፍለድ ይባላል፤ የአሜሪካ ቤዝቦል ተጫዋች ነበር። በቤዝቦል ክለቦች ተጫዋችን በተጫዋች ይለዋወጣሉ፤ በሬ በበሬ እንደ መቀያየር ነው። በዚያ ዘመን ደንብ ውሉ ቢያልቅ እንኳ ተጫዋቹ የክለቡ ሆኖ ይቀራል፤ ወዴት እንደሚሄድ የሚወስኑት ባለቤቶቹ ናቸው። በፈረንጆች 1969 ሴንት ሉዊስ ካርዲናልስ 12 ዓመት ያገለገለውን ፍለድን ሳይጠይቀው ወደ ፊላደልፊያ ለወጠው። አልሄድም አለ። ለሊጉ ኃላፊ ደብዳቤ ጻፈ፤ ሐሳቡ ባጭሩ «የምገዛና የምሸጥ ንብረት አይደለሁም» የሚል ነበር። በዓመት 90 ሺህ ዶላር እያገኘህ ምን ጎደለህ ሲሉት፣ ደሞዙ ቢያምርም ባሪያ ባሪያ ነው ብሎ መለሰ። ጥቁር ሰው ነበርና የሚናገረውን ያውቃል። ጉዳዩ እስከ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደርሶ በ1972 በ5 ለ3 ድምፅ ተረታ፤ የጨዋታ ዘመኑም በዚሁ ሙግት መሀል አበቃ። ከሦስት ዓመት ተኩል ገደማ በኋላ ግን ያ ደንብ በሌሎች ተጫዋቾች አቤቱታ ተሰበረ። በአውሮፓ እግር ኳስም የቤልጂጉ ቦስማን ተመሳሳዩን በር የከፈተው በ1995 ነው።

የእኛ ተጫዋች የፍለድን ስም ላይሰማ ይችላል። «መልቀቂያ» የምትለዋን ቃል ግን ከማንም በላይ ያውቃታል። የክለቡ ማኅተም ያላረፈበት መልቀቂያ ይዞ የትም መሄድ እንደማይቻል የሚነግረው አይፈልግም።

ወደ እኛ ኳስ ልመለስ። ከጅምሩ ክርክሩ የዋጋ አልነበረም፤ የወገን ነበር። አየለ አትናሽና ጆርጅ ዱካስ ቅዱስ ጊዮርጊስን በታኅሣሥ 1928 ዓ.ም. ሲያቋቁሙ ጣሊያን ወረራውን ጀምሮ ነበር። ከነፃነት በኋላ በ1936 ዓ.ም. የመጀመሪያው የኢትዮጵያ ሻምፒዮና ሲካሄድ ከጊዮርጊስ ጋር የተሰለፉት የአርመኖቹ አራራት፣ የግሪኮቹ ኦሎምፒያኮስ፣ የጣሊያኖቹ ፎርቲቱዶና የእንግሊዝ ወታደራዊ ሚሽን ቡድን ናቸው። ዋንጫውን የወሰዱት እንግሊዞቹ ነበሩ። እንዲህ ባለ ሊግ ውስጥ «ይህ ተጫዋች ስንት ያወጣል?» ብሎ መጠየቅ ትርጉም የለውም። ግሪኩ ለግሪክ፣ አርመኑ ለአርመን፣ የአራዳው ልጅ ለጊዮርጊስ ነው፤ ማን ማንን ይገዛል?

የዚያ ዘመን ሰው ይድነቃቸው ተሰማ ነው። 23 ዓመት ለአንድ ክለብ ብቻ ተሰለፈ፤ በ365 ጨዋታ 318 ጎል ይቆጠርለታል። ዛሬ እንዲህ ያለ አጥቂ ቢኖር ደላሎች በሩ ላይ በተጋፉ። የእሱ የዝውውር ዋጋ ግን ዜሮ ነበር፤ የሚዘዋወርበት ምክንያት አልነበረውማ።

በጥር 13 ቀን 1954 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ ግብፅን በተጨማሪ ሰዓት 4 ለ 2 ረትቶ የአፍሪካ ዋንጫን የወሰደው ቡድን አሰልጣኝም ይኸው ይድነቃቸው ነው። አምበሉ ሉቺያኖ ቫሳሎ አስመራ የተወለደ፣ አባቱ ጣሊያን እናቱ ኤርትራዊት፣ ክለቡ ደግሞ የድሬዳዋው ጥጥ ፋብሪካ። ወንድሙ ኢታሎም አብሮት ተሰልፏል። የጣሊያን ስም ያለው ሰው ከንጉሠ ነገሥቱ እጅ ዋንጫ ይቀበላል ወይ ብለው ያጉረመረሙ እንደነበሩ ይነገራል። ልብ በሉ፤ በታሪካችን ትልቁ ቀን ዋዜማ ላይ እንኳ ሙግቱ «የማን ልጅ ነው?» የሚል ነበር። የውድድሩን የኮከብ ጎል አግቢነት ክብር ከአንድ ግብፃዊ ጋር የተጋራው መንግሥቱ ወርቁ በስንት ብር ይጫወት ነበር ብሎ የጠየቀ ስለመኖሩ እጠራጠራለሁ።

ደሞዝ አልነበረም ማለት ግን አይደለም። የነበረው በሥራ ስም ነው። ጥጥ ፋብሪካ፣ መብራት ኃይል፣ ቴሌ፣ መቻል፣ ኦሜድላ፣ ንግድ ባንክ፤ የክለቦቹ ስም ራሱ የቀጣሪውን መሥሪያ ቤት ይነግራችኋል። ጥሩ ተጫዋች የታየ እንደሆነ ማባበያው የፊርማ ገንዘብ ሳይሆን መደብ ነው፤ ጠዋት መዝገብ ቤት፣ ከሰዓት ልምምድ። ጉልበቱ ሲደክም ሥራው አይሄድበትም፤ ጡረታውም ይቆየዋል። ዛሬ በ32 ዓመቱ ክለብ አጥቶ የሚንከራተት ተጫዋች ሳይ ያንን አሠራር ሰዎች በናፍቆት ቢያወሩት አልፈርድባቸውም። ግን ደግሞ አለቃህን ተቀይመህ ክለብ ልቀይር ብትል እንጀራህን ጭምር ትተህ ነው። ከፍለድ ሰንሰለት ይለያል ብዬ አልምልም።

ይድነቃቸው በ1964 ዓ.ም. የአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽን ፕሬዚዳንት ሆኖ እስከሞተበት ነሐሴ 1979 ድረስ ሲመራ፣ ገንዘብ ኳሱን ይበላዋል የሚለውን ስጋቱን አልጣለም። ከ1965 እስከ 1982 በፈረንጆች አቆጣጠር አንድ ብሔራዊ ቡድን በአፍሪካ ዋንጫ ላይ ማሰለፍ የሚችለው ውጭ አገር የሚጫወቱ ሁለት ሰዎች ብቻ ነበር። ሐሳቡ ልጆቻችንን አንሽጥ የሚል ነው። ሰሜንና ምዕራብ አፍሪካ ግን መሸጡን ቀጠሉ፤ በሽያጩም ከበሩ። እኛ ሳንሸጥም ሳንከብርም ቀረን። እዚህ ላይ ከይድነቃቸው ጋር አልስማማም፤ ቢሆንም የፈራውን ነገር ያለ ምክንያት አልፈራም።

ገበያው እኛ ዘንድ የደረሰው ዘግይቶ ነው። ፍቅሩ ተፈራ ደቡብ አፍሪካ ተጫውቶ፣ በኋላ ለኮልካታ ተሰልፎ የሕንድ ሱፐር ሊግን የመጀመሪያ ጎል ያስቆጠረው በፈረንጆች 2014 ነው፤ ሊጉ በተከፈተበት በዚያው ጨዋታ። ሳላዲን ሰኢድ ግብፅና ቤልጂግ ደርሶ ለአል አህሊ ተሰለፈ። ሽመልስ በቀለ ግብፅ ውስጥ ዓመታት ቆየ፤ ጌታነህ ከበደ ከደደቢት ወደ ቢድቬስት ዊትስ ሄደ። ከዚያ የአቡበከር ናስር ዘመን መጣ። የኢትዮጵያ ቡናው ልጅ በ2013 ዓ.ም. የውድድር ዘመን 29 ጎል አስቆጥሮ የጌታነህን የ25 ጎል ክብረ ወሰን ሰበረ፤ በዓመቱ የደቡብ አፍሪካው ማሜሎዲ ሰንዳውንስ ወሰደው። በዚያ ሰሞን ሸዋ ሮቢት ብትመጡ ባጃጅ ውስጥም፣ ፀጉር ቤትም፣ ማሾ መጋዘን ደጃፍም ወሬው እሱ ነበር። «ቡና አተረፈ ወይስ ተሞኘ?» ነበር ጥያቄው። ቡና ለሽያጭ ስንት ተቀበለ ለሚለው ሰው ሁሉ የየራሱ ቁጥር ነበረው፤ ሁለት ሰው አንድ ዓይነት ቁጥር ሲናገር ግን አልሰማሁም።

የአገር ውስጡ ዝውውር ደግሞ ከዚህም ይደበቃል። ፕሪሚየር ሊጉ በ1990 ዓ.ም. ከተጀመረ ወዲህ ቀስ በቀስ የመሥሪያ ቤት ክለቦች ቦታቸውን ለከተሞች ለቀቁ። አዳማ ከተማ፣ ሃዋሳ ከተማ፣ ድሬዳዋ ከተማ፣ ባህር ዳር ከተማ፣ ፋሲል ከነማ። ስሙ እንደሚለው የከተማ ናቸው፤ በጀታቸውም በአብዛኛው ከከተማ አስተዳደር ካዝና ነው። ትኬትና ማልያ ሸጦ ደሞዝ የሚከፍል ክለብ ብዙ የለም። ውሉ አንድ ወይ ሁለት ዓመት ነው፤ ክረምት ሲገባ ግማሽ ቡድን ይበተናል፣ ግማሽ ቡድን ይሰበሰባል። ለሻጩ ክለብ የሚከፈል የዝውውር ዋጋ አይደለም ሞቅ ያለው፤ ለተጫዋቹ የሚሰጠው «ፊርማ» ነው። ፊርማው ላይ ደላላ አለ፣ አንዳንዴም ከደላላው ጀርባ ሌላ ደላላ አለ ይባላል።

እዚህ ላይ ነው የእኛ ክርክር ከሌላው ዓለም ክርክር የሚለየው። የማንቸስተሩ ደጋፊ የሚሟገትበት ገንዘብ የባለሀብቱ ነው። የአዳማው ደጋፊ የሚሟገትበት ገንዘብ ግን ውሃ ሊገባበት፣ ኮብልስቶን ሊነጠፍበት የሚችል የራሱ ከተማ ገንዘብ ነው። ስለ አንድ የመስመር ተጫዋች ሲጮህ ሳያውቀው በጀት እየመረመረ ነው። እንዲህ ዓይነቱን መርማሪ መረጃ መንፈግ ምን ይባላል?

ፌዴሬሽኑ በ2011 ዓ.ም. ነሐሴ የተጫዋች ወርሃዊ ደሞዝ ከ50 ሺህ ብር እንዳይበልጥ ወሰነ። የሐሳቡን ምንጭ መረዳት አይከብድም፤ ክለቦች ከአቅማቸው በላይ እየተዋዋሉ ደሞዝ መክፈል አቅቷቸው ነበር። ግን ጣሪያ ሲሠራ ሰው ጎንበስ ብሎ መግባት ይለምዳል። በወረቀት 50 ሺህ የተጻፈለት ተጫዋች በጓሮ በር ሌላ ይቀበላል የሚለው ወሬ ከውሳኔው ጋር አብሮ ተወለደ። በኋላ ሊጉን የሚመራው አክሲዮን ማኅበር ከተጫዋቹ ይልቅ በክለቡ ጠቅላላ ወጪ ላይ ጣሪያ ወደ ማበጀት ዞረ። ይህኛው የተሻለ ይመስለኛል። ሆኖም ሻይ ቤት የተቀመጠው ሰው ዛሬም ቁጥሩን አያይም።

አሁን ወደ ቴሌቪዥኑ ተመልከቱ። ሊጉ የቴሌቪዥን መብቱን ለዲኤስቲቪ ከሸጠበት ከ2013 ዓ.ም. ጀምሮ ጨዋታዎቹ በተመረጡ ጥቂት ከተሞች ሲካሄዱ ቆይተዋል። ለሸዋ ሮቢት ሰው ሊጉ እንደ እንግሊዙ ሁሉ በስክሪን የሚመጣ ነገር ሆነ። ከእንግሊዙ ጋር እኩል ስክሪን ላይ መቅረቡ ደግሞ ልዩነቱን አጎላው። እዚያ የእያንዳንዱ ሰው ዋጋ፣ ሩጫ፣ ቅብብል ተቆጥሮ ይታያል።

ጎረምሶቹ ይህን ከማንም በላይ ያውቃሉ፤ ፋንታሲ ይጫወታሉና። ጨዋታውን ለማያውቅ አንባቢ፦ በእጅ ስልክ ላይ 100 ሚሊዮን ፓውንድ የምናብ ገንዘብ ይሰጥሃል፤ በእሱ 15 የእንግሊዝ ፕሪሚየር ሊግ ተጫዋቾች ትገዛለህ። ከአንድ ክለብ ከሦስት በላይ አይፈቀድም። ሳምንት በመጣ ቁጥር ትሸጣለህ፣ ትለውጣለህ፤ ከተፈቀደልህ በላይ ከለወጥክ 4 ነጥብ ትቀጣለህ። ኪሱ ውስጥ የባጃጅ ነዳጅ ብቻ ያለው ልጅ እዚህ ላይ የ100 ሚሊዮን ሥራ አስኪያጅ ነው። ሞሐመድ ሳላህ ለሊቨርፑል በተሰለፈበት የመጀመሪያ ዓመት በ9 ሚሊዮን ተሸጦ 303 ነጥብ ሲያመጣ ያልያዘው ሰው ዛሬም ጸጸቱን ይነግራችኋል። ያ ልጅ የሳላህን ዋጋ እስከ ነጥብ ድረስ ያውቃል፤ የሃዋሳውን አጥቂ ዋጋ ጠይቁት፤ ትከሻውን ይሰብቃል።

በቤዝቦል የሆነውን እዚህ ላይ አምጥቼ ላነጻጽር። ቢል ጄምስ የሚባል ሰው ካንሳስ ውስጥ በአንድ የታሸገ ምግብ ፋብሪካ የሌሊት ዘበኛ ነበር። ሌሊቱን ቁጭ ብሎ የተጫዋቾችን ቁጥር ይደምራል፣ ይቀንሳል፣ ያነጻጽራል። በፈረንጆች 1977 የራሱን ጥራዝ በራሱ ገንዘብ አሳተመ። አሠልጣኞች በዓይናቸው አይተው «ይህ ጎበዝ ነው» የሚሉት ብዙ ጊዜ ስሕተት ነው አለ። ለዓመታት ሳቁበት። በ2002 ግን በዚህ መንገድ የተመራው የኦክላንድ ክለብ በ41 ሚሊዮን ዶላር ገደማ የደሞዝ ወጪ 103 ጨዋታ አሸነፈ፤ ኒውዮርክ ያንኪስ በ125 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ያሸነፈውም 103 ነው። ኦክላንድ በዚያው ዓመት 20 ጨዋታ በተከታታይ ረትቷል። ዘበኛው ትክክል ነበር። ትክክል ሊሆን የቻለው ግን ጎበዝ ስለነበር ብቻ አይደለም፤ ቁጥሩ ጠዋት ጠዋት ጋዜጣ ላይ ይወጣለት ነበር።

የእኛም ዘበኞች አሉ። በዚያች ሻይ ቤት ጥግ ላይ አንድ መምህር ተቀምጦ ነበር፤ ሁሉም «መምህር» ይለዋል። ባለ 50 ገጽ ደብተሩን አሳየኝ። በቢክ እስክሪብቶ መስመር አስምሮ፣ በአንድ በኩል ስም፣ በሌላው ጎል፣ በሌላው ቢጫ ካርድ፣ በሌላው «አመከነ»። አመከነ የሚለው ዓምድ ከሁሉም ረዝሟል። ካርዱን ለምን ትቆጥራለህ ብለው «በ2005 ዓ.ም. የሆነውን ረሳኸው እንዴ?» አለኝ።

እንዴት ይረሳል። በዚያ ዓመት ከ31 ዓመት በኋላ አፍሪካ ዋንጫ ገብተናል፤ በአሰልጣኝ ሰውነት ቢሻው ቡድን የዓለም ዋንጫ ተስፋችንም ተነስቷል። በሰኔ ወር ደቡብ አፍሪካን አዲስ አበባ ላይ 2 ለ 1 አሸንፈን አገር በጭፈራ ሲናወጥ፣ ዕለቱኑ ከፊፋ ወሬ መጣ። ምንያህል ተሾመ ሁለት ቢጫ ካርድ ይዞ፣ መቀጣት ሲገባው ቦትስዋና ላይ ተሰልፏል። ሦስት ነጥብ ተቀነሰ። ቡድኑ በመጨረሻ ምድቡን ቢያልፍም ናይጄሪያ አስቀረችን። መምህሩ ነገሩን ባጭሩ ነው ያስቀመጠው፦ «አንድ ደብተር፣ አንድ እስክሪብቶ። ሌላ ምን ያስፈልግ ነበር?» በዚያ ሰሞን የተባረረው፣ የተወቀሰው፣ የይቅርታ መግለጫ ያነበበው ብዙ ነው። እኔ ግን ስለ ቡድን አመራር የሰማሁት ትልቁ ትችት ይህ የመምህሩ ነው።

ከሰውነት ወዲህ ብሔራዊ ቡድኑን የያዙትን ብንቆጥር ፖርቱጋላዊው ማሪያኖ ባሬቶ፣ ዮሐንስ ሳህለ፣ ገብረመድህን ኃይሌ፣ አሸናፊ በቀለ፣ አብርሃም መብራቱ፣ ውበቱ አባተ፣ እንደገና ገብረመድህን፣ መሳይ ተፈሪ፤ በመሀል የገቡትን ጊዜያውያን ሳንጨምር። አሰልጣኝ መቀየር ከተጫዋች መቀየር ይረክሳል የሚል ያልተጻፈ ሕግ ያለን ይመስላል። ሻይ ቤቱ ግን እዚህ ላይ አይሸወድም። ገብረመድህን ጅማ አባ ጅፋርን በ2010፣ መቐለ 70 እንደርታን በ2011፣ ኢትዮጵያ መድንን በ2017 ዓ.ም. ሻምፒዮን አድርጓል። ሦስት ክለብ፣ ሦስት ከተማ፣ አንድ ሰው። «ታዲያ ዋጋ ያለው ተጫዋቹ ነው አሰልጣኙ?» ብሎ የባጃጁ ሾፌር ሲጠይቅ ለመጀመሪያ ጊዜ ሁሉም ዝም አለ። መምህሩ ብቻ ደብተሩን ገልጦ አንድ ነገር ጻፈ።

ደላላውን እኔም በተራዬ ስለ ሥራው ጠየቅሁት። ሽንኩርትን ማሳ ላይ ሳለ ነው የሚገዛው፤ ገና ሳይነቀል። ሁለት ሦስት ሥር ነቅሎ ራሱን በእጁ ይመዝናል፣ አንገቱን ይጫናል፤ አንገቱ ወፍራም የሆነ ሽንኩርት አዲስ አበባ ሳይደርስ ይበሰብሳል። ከዚያ ማሳውን በእግሩ ይለካል። ገበሬው ስንት እንደሚያተርፍበት አያውቅም፤ እሱም አይነግረውም። ማሾ ግን እንዲህ አይደለም አለኝ። የቀወትና የኤፍራታና ግድም ገበሬ ማሾውን ይዞ ሲወጣ የምርት ገበያው ዋጋ ተነግሯል፤ ስልኩ ላይ ያየዋል። ማሾ ላይ ገበሬውን መሸወድ ከባድ ነው። «ለዚህ ነው ማሾ ውስጥ የማልገባው» ብሎ ሳቀ።

ኳሳችን የሽንኩርት ንግድ ነው። ተጫዋቹን ማሳ ላይ ሳለ፣ በዓይን ገምቶ፣ አንገቱን ጨብጦ የሚገዛ አለ፤ ዋጋውን የሚያውቁት ሁለት ሰዎች ናቸው፤ ሦስተኛው ከፋይ ደግሞ ሻይ ቤት ተቀምጦ «ተወደደ» ይላል። የፊርማው ቁጥር የከተማው ምክር ቤት ደጃፍ ላይ ይለጠፍ ብል የሚቃወመኝ ማን እንደሆነ አስቀድሜ አውቃለሁ። ደጋፊው አይደለም። ተጫዋቹም ብዙ ጊዜ አይደለም፤ ደሞዙ ሲዘገይበት ለከሳሽነት የሚረዳው የታወቀ ቁጥር ነውና።

ጨዋታው ሊያልቅ አሥር ደቂቃ ሲቀረው የመስመር ተጫዋቹ፣ ያ ገንዘብ ተበትኖበታል የተባለው፣ ኳስ አሻምቶ ጎል ሆነች። የባጃጁ ሾፌር ከሁሉም ቀድሞ ዘለለ። «አላልኳችሁም!» አለ። ምን እንዳለ ማንም አላስታወሰውም። መምህሩ ደብተሩ ላይ አንድ ሰረዝ አሰመረ።

የአይሱዙው ሾፌር ምሳውን ጨርሶ አፉን እየጠረገ ወጣ፤ ደላላው ተከትሎት ተነሳ። ሞተሩ ሲነሳ የባጃጁ ልጅ ከበረንዳው ጮሆ ጠየቀው።

«ቆይ፣ ይሄን ሽንኩርት በስንት ነው የገዛኸው?»

ደላላው ጋቢና ገብቶ፣ በሩን ዘግቶ፣ በመስኮቱ ብቅ አለ።

«ብዙ ነዋ!»